ካራካልፓክ በመንገደኞች ብዕር፦ የተፈጥሮ ገለጻ የውኃ መዝገብ የሆነበት ምድር

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በሰሜን ምዕራብ ኡዝቤኪስታን ወደምትገኘው ሙይናቅ የሚጓዘው ጎብኚ እየበዛ መጥቷል። ሙይናቅ ካራካልፓክ የተባለው ሕዝብ በሚኖርባት በካራካልፓክስታን የምትገኝ፣ ባሕር ቢባልም ትልቅ ሐይቅ የሆነው የአራል ባሕር ደቡባዊ ወደብ ነበረች፤ ዛሬ ውኃው ከከተማዋ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቋል። አሸዋ ላይ የቀሩት፣ ዝገት የበላቸው የዓሣ ማጥመጃ መርከቦች ፎቶግራፍ በየማኅበራዊ መገናኛው ይዞራል፤ በ2018 ደግሞ ስቲኺያ የሚባል የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ፌስቲቫል በዚያው ተጀምሮ ከሩቅ አገር ጭምር ወጣቶችን ስቧል። ስለ ቦታው የሚጻፈው የጉዞ ጽሑፍም በዚያው ልክ በዝቷል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ሁሉ ገለጻ ያነበበ ሰው ግን ስለ ቦታው የሚይዘው ሐሳብ ብዙ ጊዜ የተምታታ ነው። አንዳንዱ ካራካልፓክስታን ከጥንት ጀምሮ ባዶ በረሃ እንደነበረች ይረዳል። ሌላው ባሕሩ በአየር ንብረት ለውጥ ብቻ እንደ ደረቀ ያስባል፤ በተፈጥሮ ዑደት ሄዶ በተፈጥሮ ዑደት እንደሚመለስ የሚያምንም አለ። በቅርቡ ስለ ዓሣ መመለስ የሚወሩ መልካም ዜናዎችን የሰማ ደግሞ አራል በሙሉ ያገገመ ይመስለዋል። የመምታታቱ ምንጭ በከፊል የጉዞ ጽሑፉ ተፈጥሮን የሚገልጽበት መንገድ ነው። ስለዚህ ምድር ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ በተጻፉ የጉዞ መዝገቦች ውስጥ የተፈጥሮ ገለጻ ሁልጊዜ ስለ ውኃ የሚናገር ምስክርነት ነበር፤ ምስክርነቱ ምን ያህል እንደሚታመን የሚወስነው ደግሞ ጸሐፊው ውኃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ መጠየቁ ወይም አለመጠየቁ ነው።

የበረሃ ሕዝብ ወይስ የወንዝ ሕዝብ?

ካራካልፓክስታን በኡዝቤኪስታን ውስጥ ያለች ራስ ገዝ ሪፐብሊክ ናት፤ ዋና ከተማዋ ኑኩስ ትባላለች። ወደ 166 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ስፋቷ ከአገሪቱ የቆዳ ስፋት ከሲሶ በላይ ይይዛል። በምሥራቅ የቂዚልቁም በረሃ፣ በምዕራብ ኡስትዩርት የተባለው ደረቅና ዳር ዳሩ ገደል የሆነ አምባ ይዘዋታልና በካርታ ላይ ብቻ ያያት ሰው በረሃ ናት ቢል አይፈረድበትም። ይሁንና በሁለቱ መካከል ከፓሚር ተራሮች ተነሥቶ ወደ 2,500 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው አሙ ዳሪያ ይወርዳል፤ ሕዝቡም ሲኖር የቆየው በዚህ ወንዝ ዴልታ ላይ ነው። ዴልታ ማለት ወንዝ ወደ ባሕር ወይም ወደ ሐይቅ ሲገባ ፍጥነቱ ቀንሶ ያመጣውን ደለል እየጣለ፣ ራሱም ወደ ብዙ ጅረት እየተከፋፈለ የሚፈጥረው ለም ሜዳ ነው።

ካራካልፓኮች በዚህ ሜዳ ላይ ከብት ማርባትን፣ ዓሣ ማጥመድንና የመስኖ እርሻን አጣምረው ኖረዋል። ሸምበቆው የቤት መሥሪያ፣ የምንጣፍ መሸመኛና የከብት መኖ ነበር። በወንዙ ዳርና ዳር የፖፕላር፣ የአኻያና የታማሪስክ ዛፎች ተጠላልፈው የሚበቅሉበት፣ ቱጋይ የሚባለው ጥቅጥቅ ያለ የወንዝ ዳር ደን ነበረ። በዚህ ደን ውስጥ የቱራን ታይገር እስከ 20ኛው መቶ ዘመን ድረስ ይኖር ነበር፤ ዛሬ ዘሩ ጠፍቷል። ከቱጋዩ የተረፈው ትልቁ ክፍል ባዳይ-ቱጋይ በተባለው ጥብቅ ስፍራ የሚገኝ ሲሆን፣ የቡኻራ አጋዘን የሚጠበቀውም እዚያ ነው።

አሙ ዳሪያ የሚመነጨው በአብዛኛው ከተራራ በረዶ ስለሆነ የሚሞላው ሙቀቱ ሲበረታ፣ በሰኔና በሐምሌ ነው። ማሳው ውኃ በሚጠማበት ወቅት ወንዙ ይሞላል፤ የአካባቢው እርሻ በሙሉ የተመሠረተው በዚህ ግጥምጥሞሽ ላይ ነበር። ይሁን እንጂ ወንዙ ለማዳ አልነበረም። ዳርቻው ልል ደለል ስለሆነ ውኃው በድንገት አቅጣጫውን ቀይሮ መሬቱን እየናደ ይወስዳል፤ የአገሬው ሰዎች ይህን ደይጊሽ ይሉታል። የሪፐብሊኳ የቀድሞ ዋና ከተማ ቱርትኩል በዚህ ሁኔታ እየተበላች በመሄዷ በ1930ዎቹ መጨረሻ መንግሥቱ መቀመጫውን ወደ ኑኩስ አዛወረ። አንድ ትውልድ ወንዙ ከተማ ሲውጥ አይቷል፤ ልጆቹ ደግሞ ያው ወንዝ ባሕሩ ሳይደርስ ሲያልቅ አዩ። ስለዚህ ምድር የሚጻፍ ማንኛውም የተፈጥሮ ገለጻ በእነዚህ ሁለት ትዝታዎች መካከል የሚቆም ነው።

የውጭ መንገደኞች ምን አዩ?

በእጃችን ካሉት ጥንታዊ መዝገቦች መካከል ከባግዳድ ወደ ቮልጋ ቡልጋሮች የተላከው የኢብን ፋድላን ማስታወሻ ይገኝበታል። ኢብን ፋድላን ከ921 እስከ 922 ያለውን ክረምት ያሳለፈው በጉርጋንጅ ነበር፤ ከተማዋ ዛሬ በቱርክሜኒስታን፣ ከካራካልፓክስታን ወሰን አጠገብ ናት። ዐረቦች ጀይሁን የሚሉት አሙ ዳሪያ አሥራ ሰባት ስንዝር ያህል ወፍሮ እንደ ረጋ፣ ፈረስና በቅሎ፣ አህያና ጋሪም እንደ ጥርጊያ መንገድ እንደሚሄዱበት ጽፏል። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ሲያቀና ያገኘውን ሜዳ ግን ኮረብታ የማይታይበትና የበረዶው ጥልቀት ግመሎችን የሚያስቸግር መሆኑን ከመናገር አልፎ ብዙ አይገልጸውም። የኢብን ፋድላን ዓይን የመልእክተኛ ዓይን ነው፤ ተፈጥሮን የሚያየው መንገድ መሆን በመቻሏና ባለመቻሏ ነው።

በ14ኛው መቶ ዘመን በአሙ ዳሪያ ታችኛ ክፍል ባለው ጥንታዊ አገር በኽዋሪዝም ያለፈው ሞሮኳዊው ተጓዥ ኢብን ባጡታ ስለዚያው ወንዝ በረዶ ይነግረናል፤ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ሊሻገሩት የሞከሩ ሰዎች እንደሚሞቱም ይጨምራል። ከዚህ በላይ ግን የሚታወሰው የአገሩን ጣፋጭ የሜሎን ፍሬ ማወደሱ ነው። ፍሬው በፀሐይ ደርቆ እስከ ሕንድና ቻይና ይላክ እንደነበር ጽፏል። እዚህ ተፈጥሮ ገበያ ትሆናለች፤ ገበያውም በመስኖ የቆመ መሆኑን አንባቢው ራሱ ያስተውላል።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚገባው ግን በ1558 በዚያ ያለፈው እንግሊዛዊ ነጋዴ አንቶኒ ጄንኪንሰን የተወው ምስክርነት ነው። ጄንኪንሰን አገሩ በሙሉ የሚጠጣውና የሚያጠጣው ውኃ ከአሙ ዳሪያ በቦይ እየተቀዳ መሆኑን፣ ይህም ወንዙን ክፉኛ እየጎዳው መሆኑን፣ ከዚህ የተነሣ ወንዙ እንደ ቀድሞው ወደ ካስፒያን ባሕር እንደማይገባ ጻፈ፤ አክሎም ወንዙ ባለቀ ጊዜ ምድሩ ውኃ አጥቶ ምድረ በዳ መሆኑ እንደማይቀር ተናገረ። ስለ ጂኦግራፊው የያዘው ሐሳብ በሁሉም ነገር ትክክል አልነበረም፤ በወንዙ ጉዞ መቀየር ላይ ከቦዮቹ ሌላ ምክንያቶችም ነበሩ። ሆኖም ቦዩን፣ ወንዙንና የምድሩን ዕጣ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሰንሰለት ያያያዘ መንገደኛ ዛሬ ከ400 ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው። ዛሬ ከሚጻፉት የጉዞ ጽሑፎች ብዙዎቹ የሚጎድላቸው ይኸው ሰንሰለት ነው።

በ19ኛው መቶ ዘመን ነገሩ መልኩን ቀየረ። በ1848 እና በ1849 የሩሲያው የባሕር ኃይል መኮንን አሌክሴይ ቡታኮቭ አራልን በመርከብ ዞሮ ለካ። ግዞተኛ ወታደር የነበረው የዩክሬን ባለቅኔና ሠዓሊ ታራስ ሼቭቼንኮ አብሮት ስለ ነበረ፣ የዚያ ዘመን ዳርቻዎች በውኃ ቀለም ሥዕሎቹ ላይ ቀርተውልናል። ቡታኮቭ ካገኛቸው ደሴቶች አንዱ በኋላ ቮዝሮዥዴኒዬ ተብሎ በሶቪየት ዘመን የሥነ ሕይወት ጦር መሣሪያ መሞከሪያ የሆነው ነው፤ ውኃው ሸሽቶ ዛሬ ደሴትነቱም ቀርቷል። ከቡታኮቭ በኋላ የመጡት ጥናቶችም ጥልቀትን፣ ጨዋማነትን፣ የዓሣ ዓይነትን ይመዘግባሉ፤ ሌቭ ቤርግ በ1908 ያሳተመው ትልቅ ጥናት የዚህ ጥረት መደምደሚያ ነበር። ለሳይንስ የማይተካ ሀብት ነው። ከዚሁ የልኬት መንፈስ ግን ሌላ ሐሳብም ተወለደ፦ እንደ አሌክሳንደር ቮዬኮቭ ያሉ ስመ ጥር የአየር ጠባይ ሊቃውንት አራል ውኃን በከንቱ የሚያተን ገንዳ እንደሆነና ውኃው ለእርሻ ቢውል እንደሚሻል መከራከር ጀመሩ። ባሕሩ ከመድረቁ በፊት በቋንቋ ደረጃ ትርፍ ተደርጎ ተቆጥሯል።

ከውስጥ የሚነገር መልክዐ ምድር

የካራካልፓክ ሰዎች ራሳቸው ስለ ጉዞና ስለ ምድራቸው የተናገሩት ለረጅም ጊዜ በቃል ነበር። ዢራው የሚባሉት የጀግንነት ታሪክ አዜሚዎች ቆቢዝ በተባለው ባለ ጭራ መሣሪያ ታጅበው በሌሊት የሚያዜሙት ትረካ በጉዞ የተሞላ ነው። ከነዚህ ሁሉ ስመ ጥሩ «አርባ ልጃገረዶች» የተሰኘው ትረካ ሲሆን፣ በ20ኛው መቶ ዘመን ከአዜሚው ቁርባንባይ ታጂባዬቭ ተመዝግቦ ወደ ሩሲያኛ ተተርጉሟል። በእንዲህ ያለው ትረካ መልክዐ ምድር የሚለካው በፈረስ ድካምና በውኃ ጉድጓድ መካከል ባለው ርቀት ነው። ምድረ በዳው ውብ ነው ወይስ አስፈሪ የሚለው ጥያቄ አይነሣም፤ የሚነሣው ያሳልፋል ወይስ አያሳልፍም፣ ውኃው የማን ነው የሚለው ነው።

በጽሑፍ ዘመን መግቢያ ላይ የቆመው ታላቁ ባለቅኔ አጂኒያዝ (1824–1878) ይህን ወግ ወደ ሐዘን ግጥም አሸጋገረው። አካባቢውን ይገዙ የነበሩትን የኺቫ ኻኖች በመቃወም በኮንግራት ከተማ የተነሣው አመፅ ከተደመሰሰ በኋላ የቦዛታው ሰዎች በ1850ዎቹ መጨረሻ ተዘርፈውና ተማርከው ሲበተኑ፣ አጂኒያዝ በቦታው ስም የጠራውን ግጥም ደረሰ። በግጥሙ ቦዛታው የሚሰናበቷት ዘመድ ናት፤ ምድሪቱ ትጠራለች፣ ትለቀሳለች፣ ይነገራታል። ለዚህ ትንታኔ የሚጠቅመው ነጥብ ይህ ነው፦ የውጭው መንገደኛ ተፈጥሮን ሲደርስ ያያታል፣ በካራካልፓክ ወግ ግን ተፈጥሮ በጣም ጎልታ የምትገለጸው ሰው ሲለቃት ነው። ጉዞ ብዙውን ጊዜ መፈናቀል ስለነበረ፣ ገለጻው ከመደነቅ ይልቅ ወደ መቁጠር ያዘነብላል፤ የቀረውን ሸምበቆ፣ የቀረውን ጀልባ፣ የቀረውን ቦይ እያነሣ።

በዘመናዊው ሥነ ጽሑፍ ይህ ጠባይ አልጠፋም። ባለቅኔው ኢብራይም ዩሱፖቭ (1929–2008) የወንዙንና የቱጋዩን ዓለም ካወደሰ በኋላ ስለ አራል የሐዘን ግጥሞችን ጽፏል፤ ልብ ወለድ ደራሲው ቱለፕበርገን ቃይፕበርጌኖቭ (1929–2010) የሕዝቡን ታሪክ በሰፊ ትረካ ከጻፈ በኋላ ስለ ባሕሩ በአደባባይ ከተከራከሩት ግንባር ቀደሞች አንዱ ሆነ። ሁለቱም የጉዞ ጸሐፊ ተብለው አይመደቡም። ሆኖም የካራካልፓክን የጉዞ ድርሰት የሚያነብ ሰው የነርሱን ዓይን በየገጹ ያገኛል፦ ኬጌይሊ ወይም ካዛቅዳሪያ ሲባል መንደሩ ብቻ አይጠራም፣ መንደሩን ያቆመው ጅረት አብሮ ይነሣል። ወቅቱም በወር ስም ብቻ አይነገርም፤ ወንዙ የሚሞላበት፣ ሸምበቆ የሚታጨድበት፣ በረዶው ሰው የሚሸከምበት ጊዜ ተብሎ ይነገራል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይታሰብ አንድ እንቅፋት አለ። ካራካልፓክኛ እስከ 1928 በዐረብ ፊደል፣ ከዚያ በላቲን፣ ከ1940 ጀምሮ በሲሪሊክ ይጻፍ ነበር፤ ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ ወደ አዲስ ላቲን እየተመለሰ ነው። በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ፊደል ሦስት ጊዜ ሲቀየር አያት የጻፉትን የጉዞ ማስታወሻ የልጅ ልጅ ማንበብ አይችልም። ባሕሩ በደረቀበት ዘመን ባሕሩ እንዴት እንደነበረ የሚናገረውም ጽሑፍ ለአዲሱ አንባቢ እየራቀ ሄደ ማለት ነው። ይህን ጉዳት በሳተላይት ፎቶግራፍ ማየት አይቻልም፤ በእኔ ግምት ግን የሚገባውን ያህል አልተወራለትም።

ኦቸርክና በበረሃ ላይ የታወጀው ዘመቻ

በሶቪየት ዘመን የጉዞ ጽሑፍ ዋና መልክ ኦቸርክ ነበር። ኦቸርክ በጋዜጣና በመጽሔት የሚወጣ፣ በእውነተኛ ሰዎችና ቦታዎች ላይ የተመሠረተ፣ ግን እንደ ድርሰት በውበት የሚጻፍ አጭር ዘገባ ነው። ጸሐፊዎች በቡድን ወደ ግንባታ ቦታዎች እየተላኩ ያዩትን እንዲጽፉ ይደረግ ነበር። የካራካልፓክ ጸሐፊዎችም ይህን መልክ ተቀብለው ጽፈውበታል፤ አገራዊውን የጉዞ ድርሰት ወደ ኅትመት ያመጣው አንዱ በር እርሱ ስለሆነ ውለታው ሊካድ አይገባም።

ዋጋው ግን ከባድ ነበር። በኦቸርኩ ውስጥ በረሃ ጠላት፣ ቦይ ድል፣ ጥጥ «ነጭ ወርቅ» ሆነ። በ1950 በካራካልፓክስታን ካለችው ታኺያታሽ ተነሥቶ በካራቁም በረሃ አቋርጦ እስከ ካስፒያን እንዲደርስ ታስቦ የታወጀው ዋናው የቱርክሜን ቦይ የዚህ ቋንቋ ከፍተኛ መግለጫ ነበር፤ ስታሊን በ1953 ሲሞት ሥራው ተቋረጠ። በ1954 የተጀመረው የካራቁም ቦይ ግን ቀጥሎ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ በመርዘም የአሙ ዳሪያን ውኃ ወደ ቱርክሜኒስታን ወሰደ። በኡዝቤኪስታንም አዳዲስ የጥጥ መሬቶች ተከፈቱ፤ ቦዮቹ በአብዛኛው ያልተለበጡ ስለነበሩ ብዙው ውኃ ማሳ ሳይደርስ ወደ አሸዋ ይሰርግ ነበር።

ውጤቱ ዛሬ የታወቀ ነው። በ1960 አራል 68 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ነበረው፤ ከዓለም ሐይቆች አራተኛው ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለንግድ የሚሆን ዓሣ ማጥመድ ቆመ፤ የሙይናቅ የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ለተወሰነ ጊዜ ከሩቅ ውቅያኖስ በባቡርና በመኪና በተጓጓዘ ዓሣ ሠራተኛውን ለማቆየት ሞከረ። በዚያው ዘመን መጨረሻ ባሕሩ ለሁለት ተከፈለ። በ2007 ከቀድሞው ስፋት የቀረው አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነበር፤ በ2014 የደቡቡ ክፍል ምሥራቃዊ ተፋሰስ ሙሉ በሙሉ ደረቀ። ይህ ሁሉ በሚሆንባቸው የመጀመሪያዎቹ ሃያ ዓመታት የታተመው የጉዞ ኦቸርክ ስለ አዲሱ ማሳ በብዛት ሲናገር፣ ወደ ኋላ እየሸሸ ስላለው ዳርቻ የሚናገረው ጥቂት ነበር። ዝምታው የሳንሱር ውጤት ብቻ አይመስለኝም፤ ውኃ በማሳ ላይ ሲታይ ልማት፣ በባሕር ውስጥ ሲታይ ብክነት ነው የሚለው አስተሳሰብ ራሱ ጸሐፊው ወደ የት እንደሚያይ ወስኖለታል።

ዝምታው በይፋ የተሰበረው በጉዞ ጽሑፍ መሆኑ ደግሞ ልብ ሊባል ይገባል። በ1988 «ኖቪ ሚር» እና «ፓሚር» የተባሉ ሁለት የሥነ ጽሑፍ መጽሔቶች ጸሐፊዎችን፣ ጋዜጠኞችንና ሳይንቲስቶችን አሰባስበው «አራል-88» በሚል ስም የባሕሩን ተፋሰስ እንዲጓዙ አደረጉ። ተጓዦቹ የጨው አቧራውን፣ የተተወውን ወደብ፣ በፀረ ተባይ መድኃኒትና በማዳበሪያ የተበከለውን የመጠጥ ውኃ፣ የእናቶችንና የሕፃናትን ሕመም በአንድነት አይተው ጻፉ። ገለጻቸው ከዳርቻው ተነሥቶ ወደ ላይ፣ ወደ ቦዮቹና ወደ ጥጥ ማሳው ሄደ፤ ተፈጥሮን ከውሳኔ ጋር ያገናኘው ይህ አካሄድ በዚያ ዘመን በኅትመት ላይ አዲስ ነገር ነበር።

የመርከቦቹ ፎቶግራፍ የሚያሳየውና የሚሸፍነው

ከዚያ ወዲህ በውጭ ቋንቋዎች የተስፋፋው የጉዞ ጽሑፍ ግን ሌላ አቅጣጫ ይዟል። መከራ የደረሰባቸውን ቦታዎች ለመጎብኘት የሚደረገው ጉዞ «ጨለማ ቱሪዝም» ይባላል፤ ሙይናቅም ከታወቁት መዳረሻዎቹ አንዷ ሆናለች። የዚህ ጽሑፍ የተለመደ ገለጻ ሦስት ነገሮችን ይይዛል፦ ማለቂያ የሌለው አሸዋ፣ ዝገት፣ ጸጥታ። ሰው አይታይበትም።

ለዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ የሚቀርበው መከላከያ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ፎቶግራፎቹ ባይኖሩ ኖሮ የዓለም ሕዝብ የአራልን ስም አይሰማም ነበር፤ ጎብኚው የሚያወጣው ገንዘብም ሥራ ላጣች ከተማ ጥቅም አለው፤ የእንግዳ ማረፊያ የከፈቱ፣ መኪና የሚያከራዩ፣ በኡስትዩርት ገደሎች ላይ የሚመሩ ቤተሰቦች ኑሯቸውን አሻሽለዋል። አንዳንድ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ደግሞ ከውበት አንጻር ይከራከራሉ፦ የተፈጥሮ ገለጻ የክስ ማመልከቻ መሆን የለበትም፣ ጸሐፊው ያየውንና የተሰማውን ከጻፈ ግዴታውን ተወጥቷል ይላሉ።

ይህ የመጨረሻው ክርክር ጠንካራ ቢመስልም በዚህ ቦታ ላይ አይሠራም። በሙይናቅ ዓይን የሚያየው ነገር በራሱ ምክንያቱን ይደብቃል። አሸዋው ጥንታዊ ይመስላል፤ ዕድሜው ግን ከብዙ ሕያዋን አረጋውያን ያነሰ ነው። አራልቁም ተብሎ የሚጠራው ይህ አዲስ በረሃ የባሕር ወለል ነበር፤ አፈሩ ውስጥ ያለው ጨውና ከማሳ ታጥቦ የወረደው የፀረ ተባይ ቅሪት ነፋስ ሲነሣ ወደ መንደር ይመለሳል። በግንቦት 2018 በካራካልፓክስታንና በኾሬዝም ላይ የወረደው የጨው ማዕበል ማሳውንና ጣራውን ነጭ አድርጎት ነበር። ምክንያቱን ሳይጨምር «ምድረ በዳ» ብሎ የጻፈ መንገደኛ ያየውን በታማኝነት ጽፎ ሳለ አንባቢውን ያሳስታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የሚኖርበትን፣ ትምህርት ቤት፣ ገበያ፣ በሠዓሊው ኢጎር ሳቪትስኪ ጥረት በ1966 የተከፈተ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ያለበትን አገር ባዶ ያደርገዋል። ባዶ ለሆነ አገር ውኃ እንዲለቀቅ የሚጠይቅ የለም።

«ሄዶ ይመለሳል» የሚለው ክርክር

አራል ቀድሞም ይደርቅና ይሞላ ነበር የሚሉ ሰዎች መሠረት አላቸው። በካዛክስታን በኩል፣ በደረቀው ወለል ላይ፣ ኬርዴሪ በሚባል ቦታ ከመካከለኛው ዘመን የቀረ መካነ መቃብር ተገኝቷል፤ ይህም በዚያ ዘመን ውኃው ዝቅ ብሎ ሰው በወለሉ ላይ ይኖር እንደነበር ያሳያል። አሙ ዳሪያ በታሪክ ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሳሪካሚሽ ጎድጓዳ ስፍራ ታጥፏል። ሆኖም ከነዚያ መታጠፎች ጀርባ ብዙ ጊዜ የሰው እጅ ነበረበት፤ በ1221 ሞንጎሎች ጉርጋንጅን ሲያጠፉ የወንዙ ግድቦች መፍረሳቸው ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ነው። በዚያን ጊዜ ወንዙ መንገድ ቀየረ እንጂ አላለቀም፤ ስለዚህ መመለስም ችሏል። ዛሬ ውኃው ከመንገድ ላይ ተቀድቶ በማሳ ይተንናል። የበረዶ ግግሮች መሳሳትና የሙቀት መጨመር ችግሩን እያባባሱት ቢሆንም፣ ከ1960 ወዲህ ለታየው ማሽቆልቆል ዋናው ምክንያት መስኖ መሆኑ በሳይንስ ዘንድ አያከራክርም።

የዓሣው መመለስ ዜናም እውነት ነው፤ ግን የሰሜኑ ነው። ካዛክስታን በ2005 ያጠናቀቀችው የኮክአራል ግድብ ሲር ዳሪያ በተባለው ሌላ ወንዝ የሚመገበውን ትንሹን ሰሜናዊ አራል ከደቡቡ ለይቶ ውኃውን ከፍ አድርጎታል፣ ጨዋማነቱን ቀንሷል፣ ዓሣ አጥማጆችን ወደ ሥራ መልሷል። በካራካልፓክስታን በኩል ያለው ደቡባዊ አራል ከዚህ ጥቅም አላገኘም፤ የቀረው ውኃ ዓሣ ሊኖርበት በማይችል መጠን ጨዋማ ሆኗል። አንድ የጉዞ ጽሑፍ «አራል» ብሎ ብቻ ሲጽፍ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አዲሱ መልክዐ ምድር

ከአሁን በኋላ በዚያ የሚያልፍ መንገደኛ የሚያገኘው ተፈጥሮ አያቶቹ የጻፉትም፣ የፎቶግራፍ አንሺዎቹ ባዶ በረሃም አይሆንም። ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ የኡዝቤኪስታን መንግሥት በደረቀው ወለል ላይ ሳክሳውልን በስፋት እያስተከለ ነው፤ ሳክሳውል ሥሩ ጠልቆ የሚሄድ፣ ጨውና ድርቅ የሚችል፣ አሸዋ የሚይዝ የበረሃ ቁጥቋጦ ነው። የተሸፈነው ቦታ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሆኑን መንግሥት ይገልጻል፤ ምን ያህሉ ጸድቆ እንደሚቆይ የሚታየው በዓመታት ውስጥ ነው። በግንቦት 2021 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የአራል አካባቢን የሥነ ምኅዳር ፈጠራና ቴክኖሎጂ ቀጠና ብሎ በውሳኔ ሰይሟል። በኡስትዩርት ሳይጋ የተባለው አፍንጫ ትልቁ የሜዳ እንስሳ በሚያልፍበት አገር የጋዝ ማቀነባበሪያ ተሠርቷል። በዴልታው የቀሩት እንደ ሱዶቼ ያሉ ሐይቆች ሸምበቆና ስደተኛ ወፎች አሏቸው፤ ሕልውናቸው ግን በየዓመቱ ከላይ በሚለቀቀው ውኃና ከማሳ በሚወጣው ፍሳሽ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ከሁሉ የከበደው ለውጥ የሚመጣው ከላይኛው ተፋሰስ ነው። አፍጋኒስታን በ2022 መቆፈር የጀመረችው፣ 285 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የቆሽ ቴፓ ቦይ ሥራውን በሙሉ አቅሙ ሲጀምር የአሙ ዳሪያን ፍሰት አንድ አምስተኛ ገደማ ሊወስድ እንደሚችል የውኃ ባለሙያዎች ይገምታሉ። አፍጋኒስታን ለረጅም ዘመን ከወንዙ የሚገባትን ሳትጠቀም ስለቆየች ድርሻ የመጠየቅ መብቷ ሊካድ አይችልም፤ የመካከለኛው እስያ አገሮች በ1992 የተፈራረሙት የውኃ ክፍፍል ስምምነት ግን እርሷን አላካተተም። ውኃ ሲያንስ መጀመሪያ የሚቸገረው በቦዮች ጫፍ ላይ ያለው ነው፤ በ2000 እና በ2001 በደረሰው ድርቅ ከሁሉ በላይ የተጎዳችው ካራካልፓክስታን የነበረችውም ስለዚህ ነው። እንደ ቺምባይና ታኽታኮፒር ባሉት ሰሜናዊ ወረዳዎች የሚኖሩ ጸሐፊዎች ስለ ቦይ፣ ስለ ጉድጓድ ውኃ ጨዋማነትና ስለ ሸምበቆ የሚጽፉት ነገር ከሳተላይትና ከመንግሥት መለኪያ ቀጥሎ የመጀመሪያው ማስረጃ ይሆናል፤ ከዚህ ጽሑፍ ግን ወደ ሌሎች ቋንቋዎች የተተረጎመው እስካሁን እጅግ ጥቂት ነው።